የለቅሶ ቤት ማንቆርቆሪያ

እህቴ ሰው አትጨብጥም ነበር። ሐይቅ ከተማ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ከሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይስማል፣ የተሳመውም መልሶ ይስማል፣ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ? አዝመራውስ? ያቺ ያመማት አክስታችሁስ? መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ አፉ ለምዶበት እሱም አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ማንም አያርመውም። እጁ እስኪለቀቅለት ድረስ መንገደኛው መንገዱን ይረሳል።

እህቴ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ ትቆማለች። ጥያቄውን ግን ጥያቄ ነው ብላ ትመልሰዋለች። ላማችሁ እንዴት ናት ያለ ሰው የላሟን ጤና ከቀንዷ እስከ ሰኮናዋ ሰምቶ ነው የሚሄደው። እንዴት አደርሽ ያለ ደግሞ ሌሊት ምን እንደቀሰቀሳት ይነገረዋል። ውሸት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ቤታችን በዚህ ብዙ ተጎድቷል።

ልጅ ሳለች ሰው ይስቅ ነበር። አድጋ ሻሽ ማሰር ስትጀምር ሳቁ ቆመ። ጊዜው የደርግ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል፣ እናታችን ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች፣ እኔ እዚያው ከተማ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ቤታችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። እህቴ ሲጨንቃት ወርዳ ቄጠማው ውስጥ ትቀመጥና እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ ትቆያለች። ምን እንደሚያስጨንቃት ለማወቅ ጊዜ ወሰደብን፤ ሰው ነበር። ትምህርት ቤት እንኳ ትምህርቱ አልከበዳትም፣ የከበዳት የእረፍት ሰዓቱ ነው።

ዛሬ ኦቲዝም ይባላል፣ ሬዲዮ ላይ ሲያወሩበት እሰማለሁ። ያኔ ስም አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ስሙ በዝቶ ነበር። አንዱ ጂን ነው ይላል፣ አንዱ ቡዳ፣ አንዱ ኩራት። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ደግሞ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው አለኝ። እናታችን ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት ብዬ ብነግረው፣ ያው እሱ ነው አለኝ።

እናቴ ለሁሉም ዕድል ሰጠች። ሼሁ ዘንድ ወሰደቻት፣ ሼሁም ቁርአን ቀሩላት። የግድግዳ ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ እሷ ደግሞ ግሸን ማርያም ልውሰዳት ስትል እናቴ ስንቅ ቋጥራ ላከቻት። መኪናው እስከሚያደርስበት በመኪና ሄደው፣ ከዚያ ከምእመኑ ጋር እየተጋፉ ተራራውን ወጡ። ሲመለሱ እንዴት ነበር ብዬ እህቴን ብጠይቃት "ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይበዛል" አለችኝ። ጎረቤታችን ድካሙ እስኪወጣላት ጥቂት ቀን ተኛች።

ይህ ሁሉ የሚቻል ነበር። ያልተቻለው ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያበላል፣ አብሮ ያለቅሳል። በምላሹ የሚፈልገው መገኘትን ነው። ሲጠራ ያልተገኘ ይቀጣል፤ እየደጋገመ የቀረ ወይም ለቅሶ ያበላሸ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚጭርለት የለም፣ ሲሞትም ሬሳው ቤት ውስጥ ይቀራል ይባላል። ቤት ውስጥ የቀረ ሬሳ እኔ አላየሁም፣ አየሁ የሚል ሰውም አላጋጠመኝም። ፍርሃቱ ግን ይበቃ ነበር።

እህቴ ሻሽ ካሰረች በኋላ የመጀመሪያውን ለቅሶ የሄደችው ከሰፈራችን አንድ እህል ነጋዴ ሲሞት ነው። ሚስትየው ደረቷን እየመታች፣ "አልሞትክም፣ ገበያ ነው የሄድከው፣ ትመለሳለህ" እያለች ታለቅሳለች። ሴቱ ሁሉ እየተቀበለ ያለቅሳል። እህቴ አጠገቧ ነበረች። ጠጋ ብላ በቀስታ፣ "ገበያ አልሄደም። ሞቷል። ዛሬ ገበያም የለም" አለቻት።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ጸጥታ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያን ቀን አወቅሁ። አንዲት ሴትዮ ልታስወጣት ክንዷን ስትይዛት እህቴ ጮኸች፤ ተመንጭቃ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሐይቁ ሮጠች።

በማግስቱ የቅሬው ዳኛ ቤታችን መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። የግራ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር የለውም፣ መጥረቢያ ወስዶታል። ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም።

"ልጅቱ ታማለች?" አሉ።

"አልታመመችም አባባ" አለች እናቴ። "እንዲህ ናት።"

"እንዲህ ከሆነች ትቅር፣ ለቅሶ አትምጣ።"

"አፉ በሉኝ፣ እኔ ስሞትስ? ለሰው ያልሄደች ልጅ ማን ይመጣላታል? ይቺ ትልቋ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ነገ ተነስተው ባሌ ነው ጎጃም ነው ይሏታል። ትንሿ ከቅሬ በቀር ማን አላት?"

ዳኛው ጥፍር የለሹን አውራ ጣታቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። "እንግዲያው ትምጣ" አሉ በመጨረሻ። "ሁለተኛ ለቅሶ ከተበላሸ ግን ቤቱ ይወጣል። የኔ ቃል አይደለም፣ የቅሬው ነው።" ይህን ብለው ሄዱ።

እሷን የማሠልጠኑ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፣ አስተማሪ ነሻ ተብዬ።

"ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ ደህና ነኝ በይ።"

"ደህና ካልሆንኩስ?"

"ያኔም ደህና ነኝ በይ።"

"ታዲያ ለምን ይጠይቁኛል?"

መምህራን ማሠልጠኛ ይህ ትምህርት አልተሰጠንም። "ዝም ብለሽ በይ" አልኳት፤ አስተማሪ መልስ ሲያጥረው የሚለው ይህንኑ ነው።

ቤት ውስጥ መለማመድ ጀመርን። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሐዘንተኛ ትሆናለች፣ እኔ ለቀስተኛ ሆኜ እገባለሁ፣ እህቴ ራሷን ትሆናለች። እናቴ ሲበዛ ጥሩ ሐዘንተኛ ነበረች፤ አንድ ቀን ጎረቤታችን የምር መስሏት "ወየው" እያለች፣ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ሮጣ ገባች። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ቀንሰን እናለቅስ ጀመር።

ከልምምዱ አንዳንድ ነገር ተማርን። ምን እንደሚሆን ቀድመን፣ በተራ በተራ ከነገርናት ትረጋጋለች፤ መጀመሪያ ይህ፣ ቀጥሎ ይህ፣ ከዚያ ያልቃል። መቼ እንደሚያልቅ ማወቁ ለእሷ ዋናው ነው። ከሻሿ ሥር ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ብናደርግላት ጩኸቱ ይቀልላታል። ከሰው መሀል ስትወጣ ደግሞ ማናገር አይገባም፣ ሐይቅ ዳር ደርሳ እስክትመለስ መተው ነው። እጇ ግን መፍትሔ አጣ። ሊስማት የመጣን ሰው ሁሉ ቀድሞ ማስጠንቀቅ አይቻልም።

የሚገርመው፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ይህ ሁሉ ችግር አልነበረም። ሁሉም አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ይላል፣ ግራ እጅ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ማንም ማንንም አይስምም፣ የሚባለውም ካለፈው ሳምንት አይለይም። በሰፈራችን ያንን ስብሰባ የሚናፍቅ ሰው ከእሷ ሌላ አላውቅም። የማይሆንላት ጭብጨባው ብቻ ነው፤ ያኔ ጆሮዋን ትይዛለች። አንድ እሑድ ሊቀመንበሩ አይቷት፣ "ይቺ ልጅ ጆሮዋን የያዘችው ንግግሬን ላለመስማት ነው?" አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚያስቅ አልነበረም። እናቴ ብድግ ብላ፣ "የለም ጓድ፣ የሰማችው እንዳይወጣባት ነው" አለችው። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና ተቀበለው።

ቀጣዩ ለቅሶ መጣ፤ የሞቱት አንዲት አሮጊት ናቸው። ጥጡን አደረግንላት፣ ቅደም ተከተሉን ነገርናት፣ በር ላይ ከእናቴ ጎን አቆምናት። ወንዶቹ ከቀብር ይመለሳሉ። እንደሚታወቀው ከቀብር የመጣ ሰው እጁን ሳይታጠብ ቤት አይገባም። የምታስታጥበው ሴትዮ፣ ሕፃን ልጇ ውስጥ ስታለቅስ ሰማችና ማንቆርቆሪያውን አጠገቧ ለተገኘው ሰው ሰጥታ ገባች። አጠገቧ የተገኘችው እህቴ ናት። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

እህቴ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ያዘች። የመጀመሪያው ሰውዬ እጁን ዘረጋ፣ አፈሰሰችለት። ቀጣዩም ዘረጋ፣ አፈሰሰችለት። ማንም ሊጨብጣት አልሞከረም፣ እጆቿ ተይዘዋላ። ማንም ስለ ላም አልጠየቃትም። የታጠበ ሰው አላህ ይስጥሽ ወይም እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ያልፋል፤ ይህ ደግሞ ጥያቄ ስላልሆነ መልስ አይፈልግም። ፊቷን ትኩር ብሎ የሚያይም የለም፣ ሁሉም የሚያየው የራሱን እጅ ነው። እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ፤ እህቴ እጁ ካልጠራ ሰው አታሳልፍም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጣቶቹን አርጥቦ ሊገባ ሲል፣ "ጥፍርዎ ሥር አፈር አለ" ብላ መለሰችው። ሊቀመንበሩ ወደ ኋላው ሰዉን አየ፣ እጁን አየ፣ ተመልሶ ታጠበ። ያንን ሰውዬ በአደባባይ ያረመ ሌላ ሰው አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈራችን ለቅሶ ሁሉ የምታስታጥበው እሷ ሆነች። እናቴ ለእሷ ብቻ የሚሆን ማንቆርቆሪያ ገዛችላት፣ ሆዱ ትንሽ የተጨረመተ፤ ስለተጨረመተ ነው በርካሽ ያገኘችው። ሰው የሞተ እንደሆነ እህቴ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ ቀድማን ትሄዳለች። ፊት የማታየው ልጅ ሰዉን በእጁ ለየችው። እህል ነጋዴው ቤት ያለው ሽበታም ብትሏት አታውቅም፤ ትንሿ ጣቱ የታጠፈችው ካላችኋት ግን ስንት ልጅ እንዳለው ሁሉ ትነግራችኋለች። ዳኛው ለወራት ምንም ሳይሉ ታጠቡ። አንድ ቀን ብቻ እናቴን፣ "ልጅሽ እጇ ደህና ነው" አሏት። እናቴ ይህን ቃል ሽንኩርት ለገዛም ላልገዛም አወራች።

እህቴ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት እናቴ ሆዷን ታመመች። ደሴ ሆስፒታል ወስጃት መልሰው ላኩን፤ መልሰው መላካቸው ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና እህቴን ጠራቻትና እንደለመደችው በተራ በተራ ነገረቻት።

"እኔ ስሞት መጀመሪያ ሴቶች መጥተው ያጥቡኛል፣ ይከፍኑኛል። ከዚያ ወንዶቹ ይዘውኝ ይሄዳሉ። እናንተ እዚህ ትቆያላችሁ። ከዚያ ወንዶቹ ተመልሰው ይመጣሉ፣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታስታጥቢያቸዋለሽ። ገባሽ?"

"ገባኝ። መቼ ያልቃል?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "እሱን እህትሽን ጠይቂያት" አለች።

የሞተች ቀን ሁሉም እንዳለችው ሆነ። ሴቶቹ መጥተው አጠቧት፣ ከፈኗት። ወንዶቹ ወሰዷት። እህቴ እያንዳንዱን ትከታተላለች፣ የሚሆነው ከተነገራት ጋር ስለገጠመም ጸጥ ብላለች። ወንዶቹ ሲወጡ ማንቆርቆሪያዋን ሞልታ በር ላይ ቆመች።

ጎረቤታችን አየቻትና ልቧ ተነካ። "ኧረ የኔ ዓለም፣ አንቺ ዛሬ ሐዘንተኛ ነሽ" ብላ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወሰደች። እውነቷን ነው። በእኛ ደንብ ሐዘን የገባበት ቤት ሰው ከተቀመጠበት አይነሳም፣ ሁሉን የሚሠራው ቅሬው ነው፣ ሐዘንተኛን ማሠራት ትልቅ ነውር ነው። እናቴ ይህን ደንብ ከማንም በላይ ታውቀው ነበር። በሰው ለቅሶ ላይ ልጇን አይታ አይታ፣ የራሷን ለቅሶ እንደ ሰው ለቅሶ አሰበችው።

እጇ ባዶ ሲሆን ሴቶቹ አገኟት። ሁለት ዓመት ሊስሟት ፈልገው ያልሳሟት ሁሉ አንድ ላይ መጡ። "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያሉ አንዷ እጇን ስትስም አንዷ አንገቷን ታቅፋለች። እህቴ እሪ ብላ ወደቀች። ጥግ ላይ ተሸጉጣ ጆሮዋን ይዛ፣ ግንባሯን ከጉልበቷ ጋር እያማታች፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ታሰማ ጀመር፣ ከፍም ዝቅም የማይል።

"አሁን አለቀሰች" አለች አንዷ እፎይ ብላ። "ወላሂ፣ እናቷን ትወዳት ኖሯል ለካ" አለች ሌላዋ። ተነስቼ ሁሉንም ከቤት ላስወጣቸው ፈለግሁ። ያን ቀን ከሐዘኔ ንዴቴ ይበልጥ ነበር። ጎረቤታችንን በነጠላዋ ጫፍ ይዤ፣ "ማንቆርቆሪያውን መልሽላት" አልኳት።

"ሰው ምን ይለናል፣ እታለም?" አለችኝ እያለቀሰች። "የሟችን ልጅ አሠሩ ይሉናል። ቅሬው ዝም ይለናል?" ማንቆርቆሪያውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እኔ የዳኛው ቃል ትዝ አለኝ፤ ሁለተኛ ለቅሶ ከተበላሸ ቤቱ ይወጣል።

ወንዶቹ ተመለሱ፣ ዳኛው ከፊት ናቸው። ጎረቤታችን ልታፈስላቸው ስትል ድምፁን ሰሙ።

"ምንድን ነው?"

"ልጅቱ ናት፣ አባባ። ሐዘንተኛ ናት ብዬ ማንቆርቆሪያዋን ብቀበላት ጊዜ…"

ዳኛው ወደ ውስጥ አዩ። እጃቸው እስከ አንጓው አፈር ነው። ከዚያ እጃቸውን ሳይታጠቡ ደፉን አልፈው ቤት ገቡ። ከቀብር የመጣ ሰው እንዲህ ሲያደርግ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሴቶቹ ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ሸሹላቸው። ሽማግሌው እህቴ ፊት ቁጢጥ ብለው ሁለት እጃቸውን ዓይኗ በሚያርፍበት፣ ከጉልበቷ ፊት ለፊት ዘረጉ።

"አስታጥቢኝ" አሉ።

ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። "አንቺን አላልኩም" አሏት፣ ዞረው ሳያዩ። "ለእሷ ስጫት።"

እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ፤ በዚያ ዕድሜ ቁጢጥ ብሎ መቆየት ቀላል አይደለም። እህቴ ጥፍር የለሹን አውራ ጣት አየችው። ድምፁ እየቀነሰ መጣና ቆመ።

"የሚታጠቡት በር ላይ ነው" አለች።

"እሺ" አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወጣች፣ ተከተሏት። በር ላይ ማፍሰስ ጀመረች። ውሃው ቀይ ሆኖ ወረደ።

"ይህ አፈር የእማ ነው?"

"አዎ። የእናትሽ ነው።"

ቀስ ብላ ረጅም ጊዜ አፈሰሰች። ከኋላ ከተሰለፉት ወንዶች አንዱ፣ "አባባ፣ ደንቡስ?" ሲል ሰማሁት።

ዳኛው እጃቸውን አራገፉ። "ደንቡ ሐዘንተኛ አይሥራ ነው የሚለው" አሉ። "እሷ መች እየሠራች ነው፣ እያለቀሰች እኮ ነው።" ከዚያ ገብተው ተቀመጡ፤ የሚቀጥለው ሰውም እጁን ዘረጋ።

ሁሉም ታጥበው ካለቁ በኋላ እኔም ወደ በሩ ሄድኩ። ሐዘንተኛ አይነሳም፣ ግን ማንም አልከለከለኝም። እጄን ዘረጋሁላት። ጎንበስ ብላ አየችው።

"እጅሽ ንጹሕ ነው" አለችኝ።

"ይሁን፣ አፍስሺልኝ።"

አፈሰሰችልኝ። ከጠዋት ጀምሮ የመጣው ሰው ሁሉ እናታችሁ አልሞተችም፣ እናንተን ተክታለች ሲለኝ ውሏል፣ እኔም አሜን ስል ውያለሁ።

"እማ ሞተች" አለች እህቴ።

"አዎ፣ ሞተች።"

"መቼ ያልቃል?"

"አላውቅም" አልኳት። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። እህቴ ፊቴን አላየችም፣ አይዞሽም አላለችኝም። እኔ እስክጨርስ ድረስ ግን ውሃውን አላቆመችም።